የራዳሩ ባየህ ጉድጓድ

ሃምሳ አለቃ ባየህ ሞቶ የተገኘው በገዛ እጁ በቆፈረው ጉድጓድ ውስጥ ነው። ያገኘው ደግሞ የልጁ ባል እንግዳው ነበር። እንግዳው ወረታ ዳር ባለው የሩዝ መፈልፈያው ጀርባ እንደ ጉብታ የተቆለለውን የሩዝ ገለፈት ለጋሪ መንገድ ሊከፍት በአካፋ ሲዝቅ፣ አካፋው እንጨት መታ። እንጨቱ የጉድጓዱ ክዳን ነበር። ቢጣራ የሚመልስለት አጣ። ክዳኑን በአካፋው ሰብሮ ሲገባ አማቱ በጎናቸው ወድቀው፣ ግንባራቸው ላይ ደም ደርቆ አየ። እየጮኸ ሲወጣ የሟቹ ወንድም ደሴ ከፊቱ ቆሟል። ደሴ ያየው አካፋ የያዘ ሰው ከሬሳ ላይ ሲነሳ ነው፤ ሌላ ነገር ለማየት አልቆየም።

ከዚያ በኋላ ያለውን የሟቹ ልጅ፣ የእንግዳው ሚስት ሰርክ በቅጡ አታስታውሰውም። እናቷ እናኑ ነጠላዋን ጥላ ስትሮጥ፣ ሰው ከሩዙ ማሳ እየተጠራራ ሲመጣ፣ አጎቷ ደሴ ጠመንጃውን ሊያመጣ ወደ ቤቱ ሲበር፣ መሪጌታ ይሄይስ ባሏን ክንዱን ይዘው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሲያስገቡት፣ ሁሉም እንደ ቅዠት ያልፍባታል። አንድ ነገር ብቻ በግልጽ ይሰማታል። ደሴ ከቅጥሩ በር ላይ ቆሞ የተናገረው።

«መሪጌታ፣ ደጀ ሰላም አልደፍርም። ወንድሜንም አልቅሸ ልጨርስ። በሠልስቱ ግን ደሙን እመልሳለሁ፤ ግዝትዎም አይመልሰኝ።»

ሰርክ ባሏ አባቷን ገደለ ብላ ማመን አልሆነላትም። አልገደለም ብላ የምታስረዳበትም ነገር አልነበራትም። አባቷ ሞቷል፤ ባሏ ደግሞ በሠልስቱ ሊሞት ነው። ሴቶቹ ከብበው ሲያስለቅሷት ለየትኛው እንደምታለቅስ ግራ ገባት።

ኢንስፔክተር አማከለች የደረሰችው ሬሳው ሳይነሳ ነው። አጭር፣ ከሲታ፣ ሸራ ጫማ ያደረገች ሴት ናት። ሰላምታ ሰጥታ፣ ነጠላ አዘቅዝቃ ከለበሱት ሴቶች ጋር ትንሽ ቆማ አለቀሰች፤ ከዚያ እንባዋን ጠርጋ ወደ ጉድጓዱ ሄደች።

«የታየ ነገር ምን ይመረመራል?» አላት ደሴ።

«የታየውን እኔም ልየው ብየ ነው፣ አያ ደሴ። ከእኔ በፊት ማን ማን ገባ?»

«እሱ ገባ። ከዚያ እኔ። ከዚያ አገር ምድሩ።»

«እንግዲያ የእግር ዱካ ፈልጊ አትሉኝም።»

ውስጥ ብዙ ቆየች። ስትወጣ ፀጉሯ ገለፈት ለብሶ ነበር። በአንድ እጇ የሟቹን ጫማ ይዛለች፤ በሌላው እጇ የሞተች የማሳ አይጥ በጅራቷ አንጠልጥላለች።

«ይችን ደግሞ ማን መታት?» አለች።

ሰው እርስ በእርሱ ተያየ። የወፍጮው ዘበኛ ቢሻው ሳቁ አመለጠው። «ኧረ ኢንስፔክተር! አይጥ ልትቀብሪ ነው እንዴ የመጣሽ?»

«ቁስል የላትም። ለዚያ ነው የጠየቅሁ።» አይጧን በፌስታል አስገብታ ቋጠረች። «ጫማውስ? ጭቃው ተጠርጎ፣ ጎን ለጎን ተቀምጦ ነው ያገኘሁት። መቋሚያው ከግድግዳው ተደግፏል። ማነው ያስተካከለው?»

ማንም አልነካውም። ደሴ ተቆጣ። «ወንድሜ ጣራ ገዳም ሊሳለም በጧት ከቤት ወጣ። እዚያ አድሬ እመጣለሁ ብሎ ነው የወጣ። መንገድ ላይ ጠብቆ፣ ጭንቅላቱን ብሎ፣ እዚህ ጎትቶ ጣለው። ጫማ ምን ያደርጋል?»

«ተጎትቶ የመጣ ሰው ጫማውን አውልቆ አያስቀምጥም ብየ ነው፣ አያ ደሴ» አለችው። ድምጿ ክርክር አልነበረበትም።

ሬሳው ለሐኪም ሄዶ ተመልሶ ተቀበረ። የሰርክ ዓይን ከአባቷ ፊት ላይ አልነቀል ብሎ ነበር። የሞተ ሰው ፊት ይገረጣል፤ የአባቷ ግን ከእርሻ እንደተመለሰ ሁሉ ቀልቶ ነበር። አማከለችም ያን ፊት ደጋግማ ስታየው አየቻት።

ከቀብር በኋላ ሰርክ ለባሏ እህል ይዛ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሄደች። አማከለች ቀድማ እዚያ ደርሳ ከእንግዳው ጋር ከዋርካው ሥር ተቀምጣ ነበር።

«ተጣልታችሁ ነበር ይባላል» አለችው።

«ተጣልተናል። ክምሩ ውስጥ ውስጡን ይነድዳል፤ የገለፈት እሳት አይጠፋም፣ ሳምንት ሙሉ ነው የሚጨስ። ወፍጮዬን ያቃጥልብኛል ብየ ላነሳው ስል እርሳቸው እምቢ አሉ። ከእኔ ወፍጮ ይልቅ ለዚያ ጭስ ይሳሱለት ነበር።»

«ለምን?»

«ይሸሽጋቸዋላ። ከላይ የሚያየው ነገር የሰው ሙቀት ያያል ይላሉ። ክምሩ የጋለ ስለሆነ ከሥሩ ያለ ሰው ሙቀቱ ከእሱ ጋር ይቀላቀላል፣ አይለይም ይላሉ። የሰፈሩ ሰው ይስቅባቸው ነበር። ዶሮ ባሽካካ ቁጥር ‹ራዳሩን ጠይቁ፣ ምን መጣ?› ነው።»

«አንተስ ምን አልህ?»

እንግዳው አንገቱን ደፋ። ሰርክ መልሱን ታውቀዋለች፤ ሰፈሩም ያውቀዋል።

«አንድ ቀን ከነጉድጓድዎ እደፍነዋለሁ አልሁ። ሰው ፊት ነው ያልሁት። ተናድጀ ነበር።»

«ያን ጧት የት ነበርህ?»

«ወፍጮ ላይ። ገና ሳይነጋ ነው ያስነሳሁት። ከሐሙሲት የመጡ ሰዎች እህላቸውን እስኪጨርሱ አልወጣሁም። ቢሻውን ጠይቂው።»

አማከለች ወደ ሰርክ ዞረች። «አንችስ፣ እታለም? አባትሽ ከወጣ በኋላ ያለውን ንገሪኝ። የማይረባ የሚመስልሽንም ጭምር።»

«ምን አለው ብለሽ ነው። አባየ ጋቢውን ደርቦ፣ መቋሚያውን ይዞ ወጣ። እማየ ውኃ ወረደች። እኔ ሩዙ ሊገባ ነውና ጎተራ ስመርግ ነበር። ብርዱ እጅ ይቆርጥ ነበር። ከዚያ ያ የሰማይ ድምፅ መጣ። ድምፅ ሲመጣ ሁላችን የምናደርገውን አደረግሁ፤ የተሰጣ ልብስ አነሳሁ፣ ምድጃውን አዳፈንሁ፣ የሚጨሰውን ደፋፈንሁ፣ ገብቸ ዝም አልሁ። ሲያልፍ ሥራየን ቀጠልሁ።»

«ሁላችን ማለት?»

«ሰፈሩ ሁሉ። አባየ ነው ያስተማረን። ፊት ስቀውበት ነበር፤ አሁን ግን የሚስቁትም ሳይቀሩ ልብስ ያነሳሉ። ድምፁ ሳለ አይነገርም፣ ከቦታ አይነቃነቁም። እንዲያ ነው ሥርዓቱ።»

አማከለች ሳትጽፍ ሰማች። መሪጌታ ይሄይስ በዚህ መካከል ከቅኔ ማኅሌቱ ወጥተው መጡና አጠገባቸው ተቀመጡ። የሟቹ የልጅነት ባልንጀራ ናቸው፤ ዓይናቸው አብጧል።

«መሪጌታ፣ ይህን ራዳር የሚሉትን ነገር እርስዎ ይንገሩኝ» አለቻቸው።

«ባየህ በጎረምሳነቱ በምሥራቅ በኩል የአየር መከላከያ ወታደር ነበር። ሥራው የራዳሩ መስተዋት ፊት ተቀምጦ ሰማይ መጠበቅ ነው። አንድ ቀን ነጥብ ታየችው። እንደ ሌሎቹ አልነበረችም። ‹በዚህ ጫፍ አየኋት፤ መጣች ብየ ስጮህ በዚያ ጫፍ ወጣች› ይለኝ ነበር። ተኩሱ የሚለው ትእዛዝ ሲደርስ ሰማዩ ባዶ ነው። የማን እንደነበረች እስከ ዕለተ ሞቱ የነገረው የለም።»

«ሰላይ አውሮፕላን?»

«እንዲያ ነው አለቆቹ ያሉት። ከፍታዋ ጉናን ስድስት ጊዜ ብትደራርበው ነው። ፍጥነቷ ደግሞ ከዚህ ጎንደር እስክትደርስ አቡነ ዘበሰማያትን ሁለቴ ደግመሽ አትጨርሽም። አየሩ እየፈተጋት እንደ ማረሻ ብረት ትግላለች አሉ፤ ጥቁር የተቀባችውም ሙቀቱን እንዲተፋላት ነው።»

«መትቶ መጣል አይቻልም?»

«መድፍ የላት፣ መትረየስ የላት፤ መከላከያዋ መራቋና መሮጧ ነው። ሚሳኤል ሲተኮስባት ታውቃለች፤ ታውቅና ትፈጥናለች። እዚያ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ሚሳኤሉ ክንፉ የሚይዘው ነገር አጥቶ እንደ ልብ መታጠፍ ያቅተዋል። በዚያ ላይ ራዳሩን የሚያወናብድ ነገር ትለቅበታለች። ከታች ያለ ሰው ማድረግ የሚችለው አስቀድሞ መደበቅ ነው፣ ሌላ የለም ይል ነበር ባየህ። ከዚያች ቀን ወዲህ ሰማይ ሥር ተዝናንቶ አልተቀመጠም።»

«ድምጿስ? ቀድሞ ይሰማል?»

መሪጌታ ቀና ብለው አዩዋት። «ኧረ አንች ሴት! እኔም ይህንኑ ጠይቄዋለሁ። ድምጿን ቀድማው ትሄዳለች፤ ካለፈች በኋላ ነው እንደ ነጎድጓድ የሚሰማው አለኝ።»

«እንግዲያ ድምፅ ሰምቶ ጉድጓድ መግባት ምን ይረባል? እሷ ከሆነች አልፋለች። ካላለፈች እሷ አይደለችም።»

«ይህንኑ ብየው ነበር። ‹ይሄይስ፣ የአሁኖቹን አላውቃቸውም› አለኝ። ‹ሙቀት ያያሉ ሲባል ብቻ ሰምቻለሁ። የማውቀው ያችን አንዷን ነው፤ በማውቀው እሸሻለሁ።› ምን ልበለው?»

ሰርክ ይህን ገና አሁን ሰማች። አባቷ ለእሷ እንዲህ ብሎ አያውቅም። ለእነሱ ሲያስተምር ሁሉን የሚያውቅ ይመስል ነበር።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎ» አለች አማከለች። «ጉድጓዱ በየት ይተነፍሳል? እንዲህ በሚነድ ክምር ሥር ተቀምጦ እስከ ዛሬ የኖረ ሰው መተንፈሻ ነበረው።»

መሪጌታ ደነገጡ። ሰርክንና እንግዳውን አዩ፤ ተመልሰው መሬት መሬት አዩ። «ነይ፣ ላሳይሽ» ብለው ተነሡ። ሰርክ ልትከተል ስትል አማከለች «አንች ከእናትሽ ጋ ሁኝ» አለቻት።

ሰርክ ከለቅሶው ዳስ ሆና በሩቁ አየቻቸው። መሪጌታ በመቋሚያቸው አንድ ቦታ አመለከቱ። አማከለች ተንበርክካ እጇን ወደ ክምሩ ሰደደች፤ የሆነ ነገር ፈልፍላ በመሐረቧ ጠቀለለች። ከዚያ ክምሩን ዞረችው። ጎንበስ ትላለች፣ ቀና ትላለች፣ እንደገና ጎንበስ። ተመልሳ ስትመጣ ወደ ዳሱ አልገባችም። ጎተራው ዘንድ ሄዳ መዳፏን ከአዲሱ ምርጊት ላይ አሳረፈች። እናኑ ውኃ ብታቀርብላት ተቀብላ ሳትጠጣው መለሰችላት። ሰርክ ቀርባ «ምን አገኘሽ?» ብትላት፣ «በሠልስቱ ሁላችሁ ባላችሁበት» ብላ ዓይኗን አሸሸች። ሰርክ ይህን ለባሏ ክፉ ምልክት አድርጋ ወሰደችው። ባሏን ሊያድን የሚችል ሰው ይህች ሴት ብቻ ነበረች፤ እሷም ዓይኗን አሸሸች።

በሠልስቱ ዳሱ ሞላ። ደሴ ጠመንጃውን በጉልበቱ ላይ አጋድሞ ከመካከል ተቀመጠ፤ ማንም አስቀምጠው ሊለው አልደፈረም። መሪጌታ እንግዳውን ከጎናቸው አድርገው ገቡ። እንግዳው ፊቱ አመድ መስሏል። ሰርክ ከእናቷ አጠገብ ነበረች። አማከለች ቆማ ቀረች።

«ስሙን ንገሪኝና ልሂድ» አላት ደሴ።

«ስም ብቻ ብነግርዎ አያምኑኝም። ከቁስሉ ልጀምር። ሐኪሙ አጥንቱ አልተነካም ብሏል፤ አካፋ እንዲህ አይመታም። የጉድጓዱ ክዳን ወጋግራ አለው። ከወጋግራው በታችኛው ጎን ደምና ሽበት ተጣብቆበት አገኘሁ። ሃምሳ አለቃ ከተቀመጡበት ሊነሡ ሲሉ ነው ግንባራቸው የተመታው።»

«ገፍቶት ቢሆንስ?»

«ማንም አብሯቸው አልነበረም። እንግዳው ክዳኑን በአካፋ ሰብሮታል፣ እውነት ነው። የክዳኑ ማሰሪያ ገመድ ግን አሁንም በቀለበቱ እንደታሰረ አለ። ቋጠሮው በውስጥ በኩል ነው። የሰበረው ሰው ውጭ ነበር፤ ያሰረው ሰው ውስጥ። ጣራ ገዳም ሊሄዱ ወጡ፣ ድምፁን ሰሙ፣ በማሳው በኩል ዞረው ጉድጓዳቸው ገቡ፣ ጫማቸውን አውልቀው ዘጉ፤ ገለፈቱ ተንዶ ክዳኑን ሸፈነው። የጎተታቸው የለም።»

ከሴቶቹ ወገን ጉምጉምታ ተነሣ።

«አሁን አይጧን አስቡልኝ። እሷንም የመታት የለም። የሃምሳ አለቃን ፊት ደግሞ ሁላችሁ አይታችኋል፤ ቀልቶ ነበር። በዝግ ቤት ከሰል አንድዶ ያደረ ሰው ሬሳ ያየ አለ?»

ከዳሱ ጥግ ደብረወርቅ የሚባሉ አሮጊት እጃቸውን አነሡ። «ወንድሜን እንዲያ ነው ያገኘሁት፣ ልጄ። የተኛ እንጅ የሞተ አይመስልም ነበር። ጉንጩ እንደ ሙሽራ።»

«አዎ፣ እማማ። የገለፈቱ እሳት ውስጥ ውስጡን ሲነድ ያው ከሰሉ የሚያወጣው ጭስ ነው የሚወጣው። አይታይም፤ ጉልበት ያሳጣል፣ ያስተኛል። ሃምሳ አለቃ ይህን አያጡትም። የውኃ ፓምፕ ቱቦ ወደ ውጭ አውጥተው፣ አፋቸውን ከቱቦው ሥር አድርገው ነበር የሚቀመጡት። እስከ ዛሬ ያኖራቸው ያ ነው። ቱቦው ቀድሞ በወንዙ በኩል ነበር። እንግዳው ክምሩን አነሳለሁ ካለ ወዲህ ወደ ቤቱ በኩል አዞሩት፤ ጫፉንም በገለፈት ሸሸጉት።»

«እኔ ነኝ የያዝሁለት» አሉ መሪጌታ፣ ድምፃቸው ተሰብሮ። «ለሚስቱም ለልጁም አትንገር አለኝ። ያወቀ ሰው ሳይወድ ወደዚያ ያያል፣ ዓይናችን ያጋልጠናል ይል ነበር። ምነው ምላሴ ታስሮ ባልቀረ!»

«ቱቦው ያን ጧት ተደፈነ» አለች አማከለች። «በጭቃ።»

ደሴ ዘሎ ተነሣ። «ሰማችሁ! እደፍነዋለሁ ያለ ማነው? አገር የሰማው አይደለም?» ጠመንጃው አፉ ወደ እንግዳው ዞረ። ሰርክ ሳታውቀው ከመካከላቸው ገብታ ነበር።

«ዞር በይ፣ ልጄ።»

«አልዞርም፣ አያየ! ፊት እኔን!»

«አያ ደሴ፣ እንግዳው አይደለም» አለች አማከለች። «ይስሙኝና ከዚያ የፈለጉትን ያድርጉ። ቱቦው ብቻ ቢደፈን ኖሮ እኔም እንደ እርስዎ በሆንሁ። ግን ክምሩን ዞርሁት። ጭስ የሚወጣባቸው ሌሎች ቀዳዳዎች አሉ፤ ሁሉም በዚያው ጭቃ ተደፍነዋል። ሰው ሊገድል የመጣ ሰው ማንም የማይተነፍስበትን ቀዳዳ ምን ብሎ ይደፍናል? የደፈነው ሰው ቱቦ መኖሩን አያውቅም ነበር። የሚጨስ ነገር አየ፤ ደፈነ። ድምፅ ሲመጣ የሚጨሰውን ሁሉ ድፈኑ ያለ ማን ነው?»

መልሱን ሁሉም ያውቃል።

«ጭቃውም የመንገድ ጭቃ አይደለም። ጭድ ተከትፎ የገባበት፣ በእበት የተቦካ ነው። በጥንቃቄ በመዳፍ ተለስልሷል። ተደብቆ የሠራው ሰው አይደለም፤ ቤቱን እንደሚያሰናዳ ሰው ነው የሠራው። ወፍጮ ላይ የዋለ ሰው እንዲህ ያለ ጭቃ የለውም።»

መሬት መሬት አየች።

«ከዚህ በኋላ ያለውን ባልናገረው እወድ ነበር።»

«ተናገሪ» አላት ደሴ። «አለዚያ እኔ የማውቀውን አውቃለሁ።»

«እኔ ነኝ የደፈንሁት።»

የተናገረችው እናኑ ነበረች። ከመቀመጫዋ አልተነሣችም። «ጎተራ ስመርግ ነበር፤ በተረፈው ደፈንሁ። በቃ። ደሴ፣ ጠመንጃህን ወደዚህ አዙር።»

አማከለች አላስተባበለቻትም፣ አላመነቻትም። ሰርክ ግን እናቷን ታይ ነበር፤ ያን ጧት ድምፁ ካለፈ በኋላ እንስራዋን አዝላ ከውኃው ስትመለስ አስታወሰቻት። ከዚያ የገዛ እጆቿን አየች። ከዚያ ክምሩ ታያት።

ብርድ ነበር። ድምፁ ከሰማይ ሲመጣ የቀረውን ጭቃ ይዛ ሮጠች። ጭሶቹ ግራጫ ነበሩ፤ ሳያቋርጡ ይወጣሉ። አንዱ ግን ነጭ ነበር። ብቅ ይላል፣ ይጠፋል። እንደገና ብቅ ይላል፣ ይጠፋል። ከገለፈቱ ሥር እንፋሎት መስሏት ነበር። ከመሬት የሚወጣ ሙቀት ሁሉ ከላይ ይታያል፤ እንዲህ ነው አባቷ ያስተማራት። አባቴ መንገድ ላይ ነው፣ ቤቱን እኔ ልጠብቅለት ብላ ነበር።

«እማየ፣ አንች ውኃ ወርደሽ ነበር» አለች።

«ዝም በይ!»

«እኔ ነኝ፣ አያየ። ያኛው ነጭ ነበር። ብቅ ይላል፣ ይጠፋል…» ቀሪውን መናገር አልቻለችም። መናገርም አላስፈለጋትም። ያየችው የአባቷን ትንፋሽ ነበር።

የዳሱ ሰው አላለቀሰም፤ ለለቅሶም ድፍረት ያስፈልጋል። እንግዳው ወደ ሚስቱ አንድ እርምጃ ተራመደና ቆመ። ከሞት ተርፏል፤ ፊቱ ላይ ግን የተረፈ ሰው መልክ አልነበረም።

«ለምን አልጮኸም?» አለ ደሴ በመጨረሻ። ድምፁ የሌላ ሰው ይመስል ነበር። «እንዴት አንድ ጊዜ እንኳ አልጮኸም?»

መሪጌታ መለሱለት። «ድምፁ ሳለ አይነገርም። ሥርዓቱን ያወጣው እሱ ነው። እስኪያልፍ ጠበቀ። ሲያልፍ ጉልበቱ ከድቶታል። ተነሣሁ ሲል ግንባሩን ወጋግራው መታው።»

«ያ ድምፅስ? እሱስ ምን ነበር?» ደሴ ወደ አማከለች ዞረ። «እሱን ንገሪኝ። እሱን የማን እንደሆነ ንገሪኝ።»

«ጠይቄያለሁ፣ አያ ደሴ። መንገደኛ የሚያመላልሰው አውሮፕላን ነው ያሉኝ አሉ፤ አይደለም ያሉኝም አሉ። መሬት ላይ ያለውን ሁሉ ጠይቄያለሁ። ላይ ያለውን የምጠይቅበት መንገድ የለኝም።»

ደሴ ጠመንጃውን አየው። ወደ እንግዳው አየ፣ ወደ ሰርክ አየ። በልጅነቷ አዝሎ ከጎርፍ ያሻገራት ልጅ ናት። ጠመንጃውን የት እንደሚያደርገው ያጣ ይመስል ሁለት ሦስት ጊዜ ከእጅ ወደ እጅ አዛወረው። በኋላ መሪጌታ ጭን ላይ አኖረውና «ይያዙልኝ» ብሎ ከዳሱ ወጣ። ሲራመድ ጎብጦ ነበር።

አማከለች ሰርክን ቃሏን ልትቀበል ወደ ወረታ ይዛት ሄደች። እንግዳው ልከተል አለ። ሰርክ «እማየን ያዝልኝ» አለችው፤ ፊቱን ግን አላየችም። ባጃጁ ከመፈልፈያዎቹ ጎን ጎን ወደ አስፋልቱ ወጣ። በስተግራ ሩዙ ታጭዶ ማሳው ተራቁቷል፤ ከብቶች ቃርሚያውን ይለቅማሉ፤ የጎንደር አውቶብስ ጡሩንባውን እየነፋ አለፋቸው።

«እታሰራለሁ?» አለች ሰርክ።

«እኔ የሆነውን እጽፋለሁ። አቃቤ ሕግ ያየዋል። ሆን ብለሽ እንዳልሆነ ማንም አይስተውም።»

ሰርክ ይህን የሰማች አልመሰለችም። እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ወደ ማሳው ትመለከት ነበር።

«ኢንስፔክተር።»

«ወይ።»

«ጭቃው እንዲይዝ በመዳፌ መታ መታ አደረግሁት። ጎተራ ሲመረግ እንደሚደረገው። አጠገቡ ነበርሁ ማለት ነው። እኔ መሆኔን አውቆ ይሆን?»

አማከለች እስካሁን ማስረጃ ያልያዘችለትን አንዲት ቃል ከአፏ አላወጣችም። በደሴ ጠመንጃ ፊት እንኳ አላወጣችም። ወደ ሰርክ ዞረች፤ ልጅቱ እንደ ዳኛ ትመለከታታለች።

«አላወቀም» አለቻት።

ሰርክ አንገቷን ነቀነቀች። አማከለች ልጅቱ እንዳላመነቻት አወቀች። ለሾፌሩ ቀስ እንዲል ነገረችው፤ ከዚህ ሌላ ማድረግ የምትችለው ነገር አልነበረም።